«ምንም አያስፈልገኝም» ላለች ልጅ ምን ይገዛል?

ጥያቄ፦

ሰላም፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ከአንድ ወር በኋላ ትሄዳለች። የራሴ ልጅ ስለሌለኝ እሷን እንደ ልጄ ነው የማያት። ጥሩ ስጦታ ልሰጣት ብዬ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ለጥሩ ላፕቶፕ ትንሽ ያንሳል፣ ለወርቅ ሐብል ግን ይበቃል። እህቴ «ወርቅ ግዢላት፣ ዕድሜ ልኳን ታስታውስሻለች» ትላለች። አባቷ ደግሞ «በቃ ገንዘቡን ስጫት፣ የሚያስፈልጋትን እሷ ታውቃለች» ይላል። ራሷን ስጠይቃት «አክስቴ፣ ምንም አያስፈልገኝም» ብላ ትስቃለች። ባለፈው ለልደቷ የገዛሁላትን ቀሚስ አንድ ቀን እንኳ ለብሳው አላየሁም። አሁንም ያው እንዳይሆን ፈራሁ። ደግሞስ ስጦታውን ቤተሰብ በተሰበሰበበት ልስጣት ወይስ ለብቻዋ?

ግራ የገባት አክስት

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወርቁን አየሁ፣ ላፕቶፑን አየሁ፣ የወንድምሽንም ሐሳብ አየሁ። እኔን ግን የያዘኝ ቀሚሱ ነው።

ልገምት? ቀሚሱን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ቀለሙም ስፌቱም አንቺ የምትወጂው ዓይነት ነው። እሷ ደግሞ ጂንስና ሰፊ ቲሸርት ነው የምትለብሰው። ስትሰጫት አቅፋ ሳመችሽ፣ አመሰገነችሽ፣ ከዚያ ቀሚሱ ቁም ሳጥን ገባ። በዚህ አትከፊ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ስጦታ ስንገዛ ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው የሚከፈትበት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ሲቀደድ፣ «ውይ!» ስትል፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ። የዕቃው ሥራ ግን የሚጀምረው እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

እስቲ አንዲት ተራ የማክሰኞ ሌሊት አስቢ። ትምህርት ከተጀመረ ጥቂት ሳምንታት ሆኗል፤ የመጀመሪያው ሰሞን ሞቅታ በርዷል። አንዷ የዶርም ጓደኛዋ መብራት አብርታ በስልክ ታወራለች። ሌላዋ ታንኮራፋለች። የእሷ ስልክ 4 ፐርሰንት ላይ ነው፣ አጠገቧ ያለው ሶኬት ደግሞ ተይዟል። በጠዋት ክፍል አላት። ሐብሉ እዚህ ጋ ምን ያደርግላታል? ስትገዢ ያቺን ሌሊት እያሰብሽ ግዢ። ሌላው ሁሉ ምክሬ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

የወርቁን ነገር ቶሎ ልገላገለው። ዶርም ለሚገባ ልጅ ወርቅ አይገዛም። ክፍሏን የምትጋራው ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ልትታጠብ ስትገባ አውልቃ የምታስቀምጥበት አስተማማኝ ቦታ የላትም። ቢጠፋባት ደግሞ መከራው በዕቃው አያበቃም፤ አብረዋት የሚተኙትን ልጆች መጠርጠር ይመጣል፣ ላንቺ እንዴት ብላ እንደምትነግርሽም ስትጨነቅ ትከርማለች። እህትሽ «ታስታውስሻለች» ያለችው ልክ ነው፤ ጊዜው ነው ያልደረሰው። ስትመረቅ ስጫት፣ ያኔ የራሷ በርና የራሷ ቁልፍ ይኖራታል።

አሁን «ምንም አያስፈልገኝም» ወደሚለው እንምጣ። እንዲህ የምትልሽ አንዳንዴ በይሉኝታ ነው። አንዳንዴ ግን እውነቷን ነው። ምን እንደሚጎድላት ገና አታውቅማ! ዶርም ኖራ አታውቅም። «ምን ልግዛልሽ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ከባድ ነው። ምን ያህል ልታወጪ እንዳሰብሽ መገመት ሊኖርባት ነው። ትልቅ ነገር ብትጠራ ያሳፍራታል፣ ትንሽ ብትጠራ የናቀችሽ ይመስላታል። ስለዚህ ስቃ ታልፈዋለች።

ይልቅ «ሻንጣሽን ስታዘጋጂ መጥቼ ላግዝሽ?» በያት። ወለሉ ላይ አብራችሁ ቁጭ በሉና የተገዛውንና ያልተገዛውን ለዩ። ፎጣዋ አንድ ብቻ ከሆነ ታያለሽ። የቻርጀሯ ገመድ አንገቱ ጋ ተቀጥፎ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከሆነም ታያለሽ። የያዘችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ዚፑ አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይሆናል። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቂ ግማሹን መልስ አገኘሽ ማለት ነው።

የቀረውን ግማሽ የምታገኚው ከሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከዘመድም ከጎረቤትም አንድ አይጠፋም፤ እሷ በምትሄድበት ግቢ የሚማር ከተገኘማ እሰየው። «ይዘሽ ሄደሽ ዓመቱን ሙሉ ያልነካሽው ምንድነው? ሳትይዢ ሄደሽ በመጀመሪያው ሳምንት የተቸገርሽበትስ?» ብለሽ ጠይቂ። ከእኔም ከባለሱቁም የተሻለ መልስ ይሰጥሻል። በዚያውም የዶርሙን ሕግ ትሰሚያለሽ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። የኤሌክትሪክ ምድጃና ሻማ ብዙ ቦታ ክልክል ናቸው። አንዳንዱ ግቢ የውሃ ማፍያም አያስገባም፣ ዲቫይደርም ዓይነቱን ይመርጣል። የገዛሽው ዕቃ በር ላይ ቢወሰድባት ያንገበግባል።

ከእናቷም ጋር ተነጋገሪ። ዘመድ ሁሉ ሳይነጋገር ሲገዛ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ሦስት ብርድ ልብስ፣ አምስት ማስታወሻ ደብተር፣ አንድም የጥፍር መቁረጫ የለም። ዕቃው ሲበዛ ደግሞ ተሸካሚዋ እሷው ናት። ሻንጣዋን ብቻዋን አንስታ ደረጃ መውጣት ካልቻለች ዕቃው በዝቷል።

ላፕቶፑ እንግዲህ ትልቁ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ከወርቁ መቶ እጥፍ ይሻላል። ግን አሁን አትግዢው። የምታጠናው ምን እንደሆነና ትምህርት ክፍሉ ምን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ የሚገዛ ላፕቶፕ ዕድል መሞከር ነው። ሕግ የምታጠና ልጅና አርክቴክቸር የምታጠና ልጅ አንድ ዓይነት ኮምፒውተር አያስፈልጋቸውም። ለንባብ፣ ለጽሑፍና ለስላይድ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው ይሠራል። 16 ከሆነ ግን እስክትመረቅ ሳይንቀራፈፍ ያደርሳታል። የምህንድስናና የዲዛይን ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነማ ከ16 በታች አትውረዱ። እንደ ሬቪትና ሶሊድወርክስ ያሉት የሕንፃና የማሽን መንደፊያ ፕሮግራሞች ደግሞ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ማክቡክ (የአፕል ላፕቶፕ) ይዛ ብትሄድ ዕቃው ውድና ቆንጆ ሆኖ ለሥራዋ ግን ያስቸግራታል።

ባለሱቁ የማይነግርሽን ልጨምርልሽ። አንዳንዱ ቀጭን ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ብትል አይቻልም። «አሁን በ8 ትጀምርና ሲቸግራት ይጨመርላታል» ከመባሉ በፊት ይሄ መጠየቅ አለበት። ፋይል የሚቀመጥበት ማከማቻው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን፤ 512 ጊጋባይት ቢሆን ጥሩ ነው፣ 256 ቶሎ ይሞላል። ክብደቱን ደግሞ በእጅሽ አንሺና እዪው። 15.6 ኢንች የሆነው ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ ከነቻርጀሩ፣ ከነደብተሩ፣ ከነውሃ ጠርሙሱ ቀኑን ሙሉ ጀርባ ላይ ነው የሚውለው። 14 ኢንች ሆኖ 1.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ካገኛችሁ ያንን ውሰዱ።

ገንዘቡ ትንሽ ያንሳል ብለሻል። አንደኛ፣ ወንድምሽ «ገንዘቡን ስጫት» እያለ ምክር ከሚለግስ የጎደለውን ይሙላ! አባት አይደል? ሁለተኛ፣ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ አትናቂ። ለድርጅት ሥራ ተብለው የሚሠሩት ሞዴሎች ጠንካራ ናቸው፣ ኪቦርዳቸውም ምቹ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ከግማሽ በታች ወርዶ ከሆነ ወይ ዋጋ ይቀንሱ፣ ወይ ባትሪ ይቀይሩ። ሶፍትዌር ግን በገንዘብ አትግዢ። የሬቪት ባለቤት የሆነው ኦቶዴስክ ለተማሪ በነፃ ይሰጣል፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስንም በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ያቀርባሉ። የተማሪ ኢሜይል እስክታገኝ መጠበቅ ብቻ ነው። የመማሪያ መጽሐፍም እንደዚሁ ነው። መምህሩ የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን እትም እንደሚፈልግ ሳይናገር አይገዛም።

ስለዚህ ገንዘብሽን እንዲህ አድርጊው። አብዛኛውን «የላፕቶፕ» ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለእሷም ንገሪያት። «ትምህርት ክፍልሽ የሚፈልገውን ጠይቀሽ ንገሪኝ፣ አብረን እንገዛለን» በያት። የሚመረጠው በእሷ ነው፣ የሚከፈለው ባንቺ። ምናልባት የቀሚሱ ነገር የሚያስተምረው ይሄንኑ ይሆናል።

ባዶ እጇን እንዳትሸኚያት ደግሞ ከቀረው ገንዘብ አንድ ትንሽ ቦርሳ ሙዪላት። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስገባው ፓወር ባንክ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ላዩ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ስለተጻፈበት 5,000 የሚይዝ ስልክ ሁለቴ የሚሞላ ይመስላል። አይሞላም። ቁጥሩ የተጻፈው በውስጡ ላለው የባትሪ ቮልቴጅ ነው፤ ወደ ስልኩ ሲሻገር ቮልቴጁ ስለሚቀየር ከፊሉ በሙቀት ይባክናል። ስልኩ ጋ የሚደርሰው ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ 20,000 የሚለውን ግዢላት። በአውሮፕላን የምትሄድ ከሆነም አያሳስብም፤ 20,000ው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳፍሩት እስከ 100 ነው። በእጅ ቦርሳ ግን መያዝ አለበት፣ ለጭነት በምታስረክበው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ስም በሌለው ርካሽ ዕቃ ላይ «50,000» ተጽፎ ካየሽ ደግሞ ትተሽው እለፊ።

ቻርጀሩንም አደራ። ዩኤስቢ ሲ የሆነ፣ 65 ዋት የሚያወጣና ሁለት ቀዳዳ ያለው ግዢ። ስልኳንም፣ ነገ የሚገዛላትን ላፕቶፕም ሊሞላላት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ስልኮች በዚህ ቀዳዳ እንዲሠሩ ግድ ስላደረገ፣ ዕቃውም ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው። ገመዱ ረዘም ይበል፣ 2 ሜትር። የዶርም ሶኬት አልጋ አጠገብ የሚገኘው በዕድል ነው።

ከዚያ እንቅልፍ። ስለ እንቅልፍ ስጦታ የሚያስብ ዘመድ የለም! ለስላሳ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በትክክል ከገባ ግን የሚቀንሰው ድምፅ እስከ 30 ዴሲቤል ይደርሳል። ማንኮራፋት ሩቅ ይሆናል፣ የስልክ ወሬ ሹክሹክታ ይሆናል። አገባቡን አሳያት። በጣት አሽከርክሮ ማቅጠን፣ በሌላኛው እጅ ጆሮን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪነፋ በጣት ይዞ መቆየት። ዝም ብለው ከውጭ የሚለጥፉት ሰዎች ናቸው «አይሠራም» የሚሉት። ጠዋት የሚቀሰቅሳት ደወል ግን እንዳያመልጣት ስልኳን ንዝረት ላይ አድርጋ ትራስ አጠገብ ታኑር። የዓይን መሸፈኛም ጨምሪበት፤ መብራት አጥፊ፣ አታጥፊ ከሚል ጭቅጭቅ ያድናታል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ለሎከር የሚሆን ጓጉንቸር ሁለት ቁልፍ ያለው፣ አንዱ ቁልፍ በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ። ለጋራ መታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ። መርፌና ክር፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ቴርሞሜትር። የራስ ምታት ክኒን ብታስገቢ ደግሞ ካርቶኑን ከነወረቀቱ ተዪው፤ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ እንደሌለበት ልጆች አያውቁም፣ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም መኖሩን ልብ አይሉም።

አንድ ወረቀትም አስገቢ። የአንቺን፣ የአባቷንና የእናቷን ስልክ ቁጥር በእጅሽ ጻፊበት። የዘንድሮ ልጅ የማንንም ቁጥር በቃሉ አይዝም፤ ስልኩ የጠፋ ቀን ዘመድ የሌለው ይሆናል። ከቁጥሩ ሥር አንድ ሁለት መስመር የፍቅር ቃል ጨምሪ። ምክር ግን አትጻፊበት፣ እባክሽ። ምክሩን ሌላው ዘመድ በደንብ ይወጣዋል።

የወንድምሽን «ገንዘቡን ስጫት» አልጣልኩትም። ገንዘብ መስጠት ፍቅር ማነስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። በምትሄድበት ቀን አጎቱም፣ ጎረቤቱም፣ የእናቷ ጓደኛም እጇ ላይ ያስጨብጧታል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ፕሪንቱ፣ የጋራ መዋጮው፣ ያለቀው ሳሙና ሁሉ ሲደራረብ፣ ያ ሁሉ ሰው የለም። አንቺ ያኔ ላኪላት። ትንሽ ይሁን፣ ግን ሳትጠይቅሽ ይድረሳት። «ላንቺ ነው፣ ምን እንዳደረግሽበት አልጠይቅሽም» ብለሽ ጻፊላት፤ ቃልሽንም ጠብቂ። ቤት ስትመጣ «ያ የላኩልሽ ገንዘብ...» ብለሽ ከጀመርሽ ስጦታ መሆኑ ቀረ፣ ሒሳብ ማወራረድ ሆነ። የምትልኪላትን ግን ለወላጆቿ ንገሪ። ተደብቆ የሚሰጥ ገንዘብ ውሎ አድሮ ጠብ ያመጣል፣ በመሃል የምትጨነቀው ደግሞ እሷ ናት።

በመጨረሻ የጠየቅሽኝ፣ በሰው ፊት ወይስ ለብቻዋ? ለብቻዋ። በሰው ፊት የተሰጣት ልጅ መደሰቷን ለሁሉም ማሳየት ይጠበቅባታል፤ የማይሆናትንም «በጣም ነው የወደድኩት» ትላለች። ቀሚሱንስ እንደዚያ አይደል ያለችው? ቦርሳውን ከመሄዷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ስጫት፤ የማይሆናት ነገር ካለ የመቀየሪያ ጊዜ ይኖራችኋል። ስትሰጫት «ያለሽን ነገር ካገኘሽበት ንገሪኝ፣ እንቀይረዋለን፣ አልቀየምሽም» በያት። የፓወር ባንኩንና የቻርጀሩን ደረሰኝ ከነካርቶናቸው አንቺ ጋ አቆዪ። ዋስትናው የሚሠራው በእነሱ ነው፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ ወረቀት አይበረክትም።